ግቢዬን ቆፍረው ሄዱ፤ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የውሃ መስመር የሚዘረጋ ኮንትራክተር ግቢዬ ገባ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የቀን ሠራተኞቹን በበሩ ያስገባቻቸው የቤት ሠራተኛዬ ናት፤ ስካቫተሩ ግን የኋላውን አጥር አፍርሶ ነው የገባው። ከሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቀው ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቦይ ቆፈሩ፣ ሴፕቲክ ታንኩን ሰበሩ፣ ፍሬ የሚሰጥ አቮካዶ ነቀሉ። ቱቦውን ቀብረው አፈሩን መልሰው ሄዱ። ክረምት ሲገባ ቦዩ ሰመጠ፤ ነሐሴ ላይ የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ተከራዬም ለቆ ወጣ። ሥራውን ለኮንትራክተሩ የሰጠው መሥሪያ ቤት ‹ያፈረሰው ኮንትራክተሩ ነው› ይለኛል፤ ኮንትራክተሩ ‹መሥሪያ ቤቱ ባሳየኝ መስመር ነው የቆፈርኩት› ይላል። ወረዳ ስሄድ ደግሞ ‹አጥርሽ ከካርታሽ ውጭ ነው› ተባልኩ። መሥሪያ ቤቱ ለኮንትራክተሩ ‹የደረሰውን ጉዳት አስተካክላችሁ አሳውቁን› ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ግልባጭ በእጄ አለ። ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሁን ኮንትራክተሩ ‹60,000 ብር ልስጥሽና ፈርሚ› እያለኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እስኪያነቡት ድረስ አይፈርሙ። ካነበቡት በኋላም ምናልባት አይፈርሙም። እንዲህ ያለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «ከዚህ በኋላ በማናቸውም መንገድ ጥያቄ አላነሳም» የሚል አንድ መስመር ይኖረዋል። ይህች መስመር ካለች የፈረሙት ደረሰኝ መሆኑ ቀርቶ የግልግል ስምምነት ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለውን ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጥረው (ቁጥር 3312)። በመጪው ክረምት ስንጥቁ ሰፍቶ ግድግዳው ቢወድቅ እንኳ 60,000 ብሩ የመጨረሻዎ ነው። ገንዘቡ ካስፈለገዎት፣ መቼም ሴፕቲክ ታንክ ተሰብሮ ተቀምጦ አይታይም፣ «ለሴፕቲክ ታንኩ ጥገና በከፊል የተቀበልኩት፤ በቀረው ጉዳት ላይ ያለኝ መብት እንደተጠበቀ ነው» የሚል ወረቀት በራስዎ ቋንቋ አዘጋጅተው ያንን ይፈርሙ። ኮንትራክተሩ እንዲህ ካለው አልከፍልም ካለ፣ ሊገዛ የፈለገው ጥገናውን ሳይሆን ዝምታዎን መሆኑን አወቁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ የቀን ቆጠራው። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ቁጥር 2143። ጉዳቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ረዘም ያለ ሲሆን ያ ረዘም ያለው ይሠራል፤ በእርስዎ ነገር ግን እዚያ ላይ ተስፋ እንዲጥሉ አልመክርዎትም። አጥሩ፣ ታንኩና አቮካዶው የተጎዱት ጥር ላይ ነው። ዓመት ከአራት ወር ሄዷል፤ ስምንት ወር ቀርቶዎታል። ከዚያ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት የሚዘጉበትን ጊዜ፣ ማስረጃ የሚሰበስቡበትንና ጠበቃ የሚፈልጉበትን ጊዜ ይቀንሱ። ስንጥቁ የታየው ነሐሴ ላይ ስለሆነ ለእሱ ቆጠራው ከነሐሴ ይጀምራል ብዬ እከራከራለሁ፤ ተከሳሹ ደግሞ «የሁሉም ምንጭ የጥር ወሩ ቁፋሮ ነው» ብሎ ከጥር ሊቆጥር ይሞክራል። ታዲያ ይህን ክርክር ለምን ያስፈልገናል? ከመጪው ጥር በፊት ክሱ ከገባ ነገሩ አይነሳም።

«እኔ እኮ ዝም አላልኩም፤ አምስት ጊዜ ደብዳቤ አስገብቻለሁ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ደብዳቤ ማስገባት መልካም ነው፤ ይርጋን ግን አያቋርጥም። ይርጋን የሚያቋርጠው ወይ እርስዎ ክስ ሲያቀርቡ ነው፣ ወይ ተጠያቂው ራሱ ዕዳውን ሲያምን ነው፤ ለምሳሌ ከፊሉን ሲከፍል (ቁጥር 1851)። ስለዚህ ከላይ ያልኩት የከፊል ክፍያ ወረቀት ሁለት ጥቅም አለው፤ ቢያንስ በኮንትራክተሩ ላይ ቆጠራውን እንደገና ያስጀምራል ብሎ ለመከራከር ያስችላል። አንድ የአቃቂ አካባቢ ሰው በሦስት ሳምንት ዘግይተው ወደ እኔ የመጡበትን ቀን አልረሳውም። ፋይላቸው በማህተም የተሞላ ነበር፤ «ጉዳዩ እየታየ ነው»፣ «ለሚመለከተው ተመርቷል»፣ «በትዕግሥት ይጠብቁ»። አንዱም «ዕዳ አለብን» አይልም። ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይርጋን አነሳ፤ የግቢው ጉዳት ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነገር መዝገቡ ተዘጋ። ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳም፤ የተከሳሽ ጠበቃ ግን አይረሳትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ማንን ወደሚለው። አጭሩ መልስ፦ ሁለቱንም፣ በአንድ ክስ፣ በአንድ ቀን።

መሥሪያ ቤቱ «ኮንትራክተሩ ነው» የሚለው ዝም ብሎ ለማሰልቸት አይደለም፤ የሚተማመንበት ቁጥር አለው። ቁጥር 2134 አንድ ሰው ሥራ የሰጠው ሌላ ሰው በሥልጣኑ ሥር ካልሆነና ነፃነቱን ጠብቆ የሚሠራ ከሆነ፣ ያ ሠራተኛ ላደረሰው ጥፋት አሠሪው አይጠየቅም ይላል። ለቅጥር ሠራተኛ ሌላ ነው፤ በሥራ ቦታና በሥራ ሰዓት ያደረሰውን ጉዳት ሕጉ በሥራው ምክንያት እንደደረሰ ይገምታል፣ ቀጣሪውም ይጠየቃል። ኮንትራክተር ግን በመርህ ደረጃ ራሱን የቻለ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ይዞ ይመጣል፤ እርስዎም ተዘጋጅተው መጠበቅ አለብዎት። መልሱ በሦስት በኩል ይመጣል።

አንደኛ፣ ነፃነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። መስመሩን የነደፈው ማን ነው? በግቢዎ ውስጥ እንዲያልፍ የወሰነው፣ ካስማ የተከለው፣ በየቀኑ እየመጣ «እዚህ ጋ ቆፍሩ» የሚለው ተቆጣጣሪ የማን ሰው ነበር? ኮንትራክተሩ «ባሳዩኝ መስመር ነው» ማለቱ ለእሱ መከላከያ መስሎት ነው፤ ለእርስዎ ግን ምስክርነት ነው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ላይ ሲቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ ማስረጃ ያወጣል። ተለያይተው ሲከሰሱ ግን እያንዳንዱ ወደሌለው ሰው ጣቱን ቀስሮ ያመልጣል።

እዚህ ላይ ነው ያ የግልባጭ ደብዳቤ የሚገባው። እርስዎ ምናልባት እንደ አንድ ተራ ወረቀት ነው ያስቀመጡት፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ዋናውን ሌላ ቤት አስቀምጥ ነበር። ደብዳቤው «ጉዳት ደርሷል» ይላል፤ ይህ ጉዳት መኖሩን መቀበል ነው። «አስተካክላችሁ አሳውቁን» ይላል፤ ይህ ኮንትራክተሩን የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው ያሳያል። በቁጥር 2134 ሥር «በሥልጣኔ ሥር አይደለም» ብሎ ለሚከራከር መሥሪያ ቤት የራሱ ማህተም ላለበት እንዲህ ላለ ወረቀት መልስ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ደብዳቤው ጉዳቱን አመነ እንጂ «ካሳ የምከፍለው እኔ ነኝ» አላለም። ይርጋን ያቋርጥልኛል ብለው አይደገፉበት።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ በሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን በራሱ ጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሳ ይክፈል ይላል፤ ቁጥር 2031 ደግሞ በሙያ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ከቤት ግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ ሁለት ሜትር ተኩል ቦይ እንዲቆፈር መንደፍ፣ ባለቤቷን ሳያሳውቁ መግባት፣ ቦዩ ሲሞላ አፈሩ በየንብርብሩ መጠቅጠቁን ሳያረጋግጡ ሥራውን መረከብ፣ እነዚህ ሁሉ የአሠሪውና የአማካሪ መሐንዲሱ ጉድለቶች ናቸው።

ሦስተኛው በጣም የምወደው ነው፤ ቁጥር 2069። ብዙ ሰው ይህን ድንጋጌ የሚያውቀው ከኤሌክትሪክ መስመር አደጋ ጋር ነው፤ በፍርድ ቤቶቻችንም በብዛት የሚነሳው እዚያ ነው። ድንጋጌው ግን ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። ፈንጂና መርዝ ማከማቸትን፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር መዘርጋትን፣ የተለየ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራን ይዘረዝርና በመካከላቸው የመሬትን አቀማመጥ መለወጥን ያስቀምጣል። በዚህ ሥራ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ሲደርስ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። የዚሁ ቁጥር ንዑስ ቁጥር 2 ደግሞ አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆን፣ ወይም ፈቃድ ያለው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም ይላል። «ለሕዝብ ልማት ነው»፣ «ከከተማው ፈቃድ አለን» የሚሉት ሁለቱ የተለመዱ መልሶች እዚህ ላይ ዋጋ ያጣሉ። በቁጥር 2086 መሠረትም «አላጠፋሁም»፣ «ምክንያቱ አይታወቅም» ማለት አያዋጣም፤ የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በየሰፈሩ ስካቫተር በማይታይበት ዘመን የተጻፈች አንዲት ሐረግ ዛሬ እንዲህ ትጠቅመናለች።

ግን ላታልልዎት አልፈልግም። የቧንቧ ቦይ ሁሉ «የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ» ነው ብሎ የማይቀበል ዳኛ ይኖራል፤ ተራ ቁፋሮ ያልተለመደ አደጋ አይደለም ይላል። እኔም እንደ ዳኛ ብቀመጥ ለሃምሳ ሳንቲ ሜትር የፋይበር ቦይ እንዲያ እል ይሆናል። ከመሠረት በታች ወርዶ ከግድግዳ ሥር ለተቆፈረ ጥልቅ ቦይ ግን አይመስለኝም። ስለዚህ ክሱ ሲጻፍ በቁጥር 2069 ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ በአማራጭ በ2028 እና በ2031 ጥፋት መኖሩንም ያስረዳ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ክፍት ይሁን። በዚሁ በ2069 ሥር ጥፋት ሳይኖር «የቤቴ የገበያ ዋጋ ወረደ» ብቻ ብሎ መጠየቅ እንደማይቻልም ይወቁ፤ የተሰበረ፣ የፈረሰ፣ የተሰነጠቀ ነገር ማሳየት ያስፈልጋል።

በመሥሪያ ቤቱና በኮንትራክተሩ መካከል ያለው ውል «በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው ኮንትራክተሩ ነው» ይላል፤ ይህን አንቀጽ ያሳዩዎት ይሆናል። ውል የሚሠራው በተዋዋዮቹ መካከል ነው፤ እርስዎ አልፈረሙበትም። መሥሪያ ቤቱ ከፍሎ ከኮንትራክተሩ ማስመለስ ከፈለገ የራሱ ጉዳይ ነው። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ተጠያቂ ሲሆኑ በአንድነትና በነጠላ ነው የሚጠየቁት (ቁጥር 2155)፤ ሙሉውን ካሳ አቅም ካለው መጠየቅ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ የግንባታ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ኮንትራክተሩ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዱታል። ውሉና የኢንሹራንስ ሰነዱ እንዲቀርብ በፍርድ ቤት ያስጠይቁ፤ ኢንሹራንስ መኖሩ ሲታወቅ የኮንትራክተሩ ድምፅ ወዲያው ይለሰልሳል።

«ግቢዬ የመግባት መብት አላቸው ወይ?» የሚለውን በግልጽ አልጠየቁኝም፤ ግን የተከሳሽ ጠበቃ የሚያነሳው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለይዞታ ለሌሎች መሬቶች ጥቅም የውሃ፣ የኤሌክትሪክና የመሳሰሉት መስመሮች በመሬቱ እንዲያልፉ መፍቀድ አለበት ይላል፤ ቁጥር 1220። ግን በነፃ አይደለም፣ እንደፈለጉም አይደለም። ካሳ ይከፈላል። መብቱ ቱቦ የማሳለፍ መብት ነው እንጂ ታንክ የመስበር መብት አይደለም። የቤት ሠራተኛዎ በሩን መክፈቷ ብዙ አያስጨንቅዎ። የቤት ሠራተኛ ስለ ይዞታዎ ውል የምትገባ ወኪል አይደለችም፤ ቢበዛ ሰዎቹ መግባታቸው ከሁከት፣ ማለትም ይዞታን ያለ መብት ከመንካት፣ የተለየ መልክ እንዲይዝ ያደርግ ይሆናል። አጥር አፍርሶ የገባው ስካቫተር ግን በር ከፍታለት አልገባም። እሷንም ከአሁኑ በምስክርነት ያስቡ፤ ምን ብለው ጠየቋት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ መታወቂያ ወይም ደብዳቤ አሳዩ ወይ። የቤት ሠራተኛ ከሥራ ወጥታ ስትሄድ ምስክርዎም አብራ ትሄዳለች፤ ስልኳን ይያዙ።

የወረዳው «ካርታ» ነገር አጥሩን ሊነካ ይችላል፤ ቤቱን ግን አይነካም። በቅድሚያ የቃል ወሬ አይቀበሉ፤ በካርታዎ ላይ ያሉት የወሰን ነጥቦች በቀያሽ ይለኩ። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ይሁን ሁለት ሜትር፣ አጥሩ ብቻ ይሁን አቮካዶውም፣ ሴፕቲክ ታንኩ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ፣ እነዚህ በልኬት እንጂ በአፍ አይታወቁም። አጥሩ በእርግጥ የመንገድ መሬት ላይ የተሠራ ከሆነ ለአጥሩ የሚጠይቁት ካሳ ይዳከማል፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፍርድ ቤት በሕዝብ መሬት ላይ ያለፈቃድ ለተሠራ ግንብ አይራራም። ከወሰንዎ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ከውጭ በተቆፈረ ቦይ ቢሰነጠቅ ግን ቦዩ የት እንደተቆፈረ አይጠየቅም፤ ጉዳቱ የት ደረሰ ነው ጥያቄው። ቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታው የተነካበት ሰው፣ የባለቤትነቱ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሁከቱ እንዲወገድና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲከፈለው በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ካርታ የሌላቸው ሰነድ አልባ ባለይዞታዎችም ይህን ያንብቡ። «ካርታ የለህምና መብት የለህም» የሚለው የወረዳ አባባል ከሕጉ ይልቅ ከልማድ የመጣ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከግቢዎ የተወሰነውን በቋሚነት ለመውሰድ ከፈለገ ግን ሌላ መንገድ ነው። ያኔ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታን ማስለቀቅ ይሆናል፤ ማስታወቂያ፣ ግምት፣ ካሳ፣ ቅሬታ ካለም አቤቱታ ሰሚ አካል አለው። እርስዎ ላይ የደረሰው ግን ማስለቀቅ አይደለም፤ ያለ ማስታወቂያ ገብቶ መስበር ነው። ተከሳሹ «መጀመሪያ ወደ አቤቱታ ሰሚ አካል መሄድ ነበረባት» ቢል መልስዎ ይህ ይሁን።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሕግ ነው። ክሱን የሚያሸንፈው ወይም የሚጥለው ግን ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው (ቁጥር 2141)። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አንድ ቀላል መልስ ይዞ ይመጣል፦ «የሲኤምሲ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ቤቱ የተሰነጠቀው በአፈሩ ነው።» ይህ ከንቱ መከራከሪያ አይደለም። በምሥራቅና በደቡብ አዲስ አበባ በሰፊው ያለው መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ማንም ሳይቆፍር የተሰነጠቁ ቤቶች ሞልተዋል። ስለዚህ ያስፈልግዎታል የምለው ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ ከጠበቃም በፊት፣ ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቢሆን እንኳ። እሱ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። የአፈሩ እብጠት ያመጣው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በየወቅቱ ይከፈትና ይዘጋል፣ በቤቱ ዙሪያ ይበተናል። የቦይ ስንጥቅ ግን ወደ ቦዩ በኩል ይሰበሰባል፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ ይወርዳል፣ ከቦዩ ርቆ ያለው ዋናው ቤት ደህና ሆኖ ሰርቪሱ ብቻ ይጎዳል። ሌላው የመሠረቱ ጥልቀት ነው። መሐንዲሶች እንደ መነሻ የሚይዙት ልማድ አለ፤ ከመሠረቱ ግርጌ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ታች መስመር ይሰመራል፣ ቁፋሮ ከዚያ መስመር ሥር ከገባ መሠረቱን የተሸከመውን አፈር ነካ ማለት ነው። የሰርቪስ ቤትዎ መሠረት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቦዩ ከመሠረቱ በታች 1 ሜትር ከ70 ወርዷል፤ ርቀቱ ግን 1 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ሥዕል አድርጎ ማቅረብ ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

የቦዩ መስመጥ ራሱም ይናገራል። በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር በአንድ ክረምት አይሰምጥም። ልል ሆኖ የተመለሰ ቦይ የዝናብ ውሃ ሰብስቦ በመሠረቱ ሥር ያቆማል፤ መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ይህ ሁለት እጥፍ ይጎዳል። ስለዚህ «ጥቁር አፈር ነው» ቢሉዎት የሚመለሰው «አዎ፣ ስለዚህም ነው ቦዩን እንዲህ መተው ያልነበረባችሁ» ነው። የአካባቢውን አፈር የሚያውቅ ባለሙያ ይበልጥ መጠንቀቅ ነበረበት።

ዛሬ ማታ ማድረግ የሚችሉት አለ። በእያንዳንዱ ስንጥቅ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር ያስምሩና ቀኑን ይጻፉበት፤ ስፋቱን በማስመሪያ ለክተው ማስመሪያው ራሱ እንዲታይ ፎቶ ያንሱ። በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። የሰኔን ዝናብ በዚህ መንገድ ካሳለፉ፣ ስንጥቁ እየሄደ መሆኑን ወይም መቆሙን ማንም አይክድዎትም። የጎረቤት ፎቶዎችም ይፈልጉ፤ ከቁፋሮው በፊት በግቢዎ ልደት ወይም ሠርግ ከነበረ፣ ከእንግዶቹ ጀርባ ያለው ያልተሰነጠቀ ግድግዳና ቆሞ የነበረው አጥር የትኛውም ባለሙያ ሊያዘጋጅልዎ የማይችለው ማስረጃ ነው። ደንብ ማስከበርና ወረዳው መጥተው ያዩትን በቃለ ጉባኤ እንዲይዙልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ቢሉም ማመልከቻዎ የገባበት ማህተም ይቀርልዎታል።

ሴፕቲክ ታንኩን እስካሁን ካላሠሩት ያሠሩት፤ መዝግበው፣ ፎቶ አንስተው፣ ደረሰኝ ይዘው። እስከ ፍርድ ቀን ፍሳሽ ግቢ ውስጥ እየፈሰሰ መጠበቅ አያስፈልግም። ይልቁንም ፍሳሹ መሠረቱን ቢያረጥብ ተከሳሹ «ጉዳቱን ያባባሰችው ራሷ ናት» ብሎ ካሳውን ያስቀንስብዎታል፤ ቁጥር 2098 ተጎጂው ለጉዳቱ በከፊል ምክንያት ከሆነ ካሳው በከፊል እንደሚሆን ይናገራል። በንዴት ተነስተው ቱቦውን እንዳይነኩ ደግሞ አደራ። ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠመው አንድ ደንበኛዬ በግቢው ያለፈ የቴሌ ኬብል ቆርጦ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ዞሯል፤ የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ አውታሮችን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 464/1997 እስራት ያለበት ነው።

የካሳው መጠን ላይ። መርሁ በቁጥር 2091 ያለ ነው፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። ለግድግዳውና ለታንኩ የጥገና ዋጋ ግምት በመሐንዲስ ይዘጋጅ፤ ከተቻለ ሁለት ግምት። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለን አጥር በአዲስ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ሲጠይቁ ዳኛው የእርጅናውን ሊቀንስ እንደሚችል ይጠብቁ። የአቮካዶው ዋጋ የእንጨቱ ዋጋ አይደለም፤ በዓመት ምን ያህል ያፈራ ነበር፣ አዲስ ተክል እስኪያፈራ ስንት ዓመት ይወስዳል ነው። ልኩን በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ይቆርጣል (ቁጥር 2102)፤ ይህ ግን ለሰነፍ ከሳሽ የተሰጠ አልጋ አይደለም፤ ማስረጃ ማምጣት የሚቻለውን ሳያመጡ «በርትዕ» ማለት በትንሽ ገንዘብ ያስመልሳል።

የቀረብዎትን ኪራይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ተከራዩ የወጣው በስንጥቁ ምክንያት መሆኑን ራሱ ቢመሰክር ጥሩ ነው። የኪራይ ውሉ ግን ተመዝግቧል? በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። በቃል ያከራዩ ከነበረ፣ ወይም ውሉ ላይ የተጻፈውና በእጅ የሚቀበሉት የተለያየ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ግብርም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ይህን ራስ ምታት ከጠበቃዎ ጋር ለብቻ ይነጋገሩበት። ስለ ደረሰብዎት ጭንቀትና መንገላታት የሞራል ካሳ ለመጠየቅ አስበው ከሆነ፣ ለንብረት ጉዳት በሩ ጠባብ ነው፤ ቢከፈትም ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር።

የት ነው የሚከሰሰው? መሥሪያ ቤቱ የፌዴራል ከሆነ ወይም የከተማው ከሆነ፣ ኮንትራክተሩ የት እንደተመዘገበ፣ እነዚህ ሥልጣኑን ይለዋውጡታል፤ ጠበቃዎ የሁለቱንም ትክክለኛ ሕጋዊ ስምና ምዝገባ ሳያጣራ ክስ እንዳይጽፍ። በስም ስህተት የተመለሰ ክስ ቀን ይበላል፤ እርስዎ ደግሞ የሚበላ ቀን የለዎትም። ጉዳዩ የፌዴራል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል። የዳኝነት ክፍያ ከሚጠይቁት ገንዘብ ጋር ይጨምራልና ለማስፈራራት ብለው ቁጥሩን አያሳብጡት። አዋጁ በፍርድ ቤት በኩል የሚደረግ ማስማማትንም ስለፈቀደ፣ ክሱ ከገባ በኋላ ወደ አስማሚ የሚመራበት ዕድል አለ። ያኔ መስማማት አይከፋም። ክስ ከገባ በኋላ የሚደረግ ድርድር አሁን ኮንትራክተሩ በበርዎ ላይ ከሚያደርገው ድርድር ይለያል፤ ይርጋው ቆሟል፣ የመሐንዲሱ ግምት በጠረጴዛው ላይ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም አጠገቡ ተቀምጧል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት መሐንዲስና ቀያሽ ይቅጠሩ፤ ሪፖርታቸው በሰኔ ውስጥ ይድረስዎ። ፍርድ ቤቶቹ ለክረምት ከመዘጋታቸው በፊት ክሱ መዝገብ ቤት ይግባ። ለኮንትራክተሩም ዛሬ አጭር መልስ በጽሑፍ ይስጡት፦ «ያቀረቡት ገንዘብ ለሴፕቲክ ታንኩ ጥገና በከፊል የሚከፈል ከሆነ እቀበላለሁ።» ግልባጩ ለመሥሪያ ቤቱ ይሁን፤ ያስገቡበትን ማህተም ማስመታት አይርሱ።